ሦስት እግር ያለው ምስክር

«ቀያሽ አይደለሁም» አለ አንሙት። አፉ ውስጥ ሣር ስለገባና የድረስ ጉልበት ማጅራቱ ላይ ስለተቀመጠ ቃሉ ተሟልቶ አልወጣለትም።

«ምን ይላል?» አለ ድረስ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሣሩን አላምጦ ሲጨርስ ትጠይቀዋለህ» አለ ታናሽ ወንድሙ እንዳላማው። እሱ ደግሞ የገናውን በትር በሁለት እጁ ይዞ የእንግዳውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ እየቀጠቀጠ ነበር። አንደኛውን እግር ሰብሮ ወደ ሁለተኛው እየተዘጋጀ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ለላይ ሰፈር ሰው አዲስ አይደለም። ሜዳ መካከል የሚተከል፣ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው የሚያጮልቅበት ነገር ከመጣ መሬት ሊለካ ነው። መሬት ከተለካ ግብር ሊጨመር ነው፤ ግብር ከተጨመረ ደግሞ ሰው ሊሞት ነው። ከዚያ ከግብሩ ግርግር ወዲህ አምበር ዙሪያ ያለ ገበሬ ባለ ሦስት እግር በርጩማ እንኳ ሲያይ ሳይገላምጠው አይቀመጥበትም። ድረስማ ሲፈጥረውም ገላማጭ ነበር። ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ሰው «ደህና አደርክ?» ሲለው «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» የሚል ዓይነት። ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ግን ከጆሮው ይፈጥናል።

የአንሙት አፍንጫ ከተሰበረ በኋላ፣ ደሙም ነጭ ሸሚዙን እስከ ቀበቶው ካለበሰው በኋላ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ የባዘዘው ድምፅ ከዳገቱ ላይ ወረደ።

«ተውት እንጂ እናንተ! እኔ ነኝ የፈቀድሁለት።»

«ምን ሊያደርግ ፈቀዱለት?» አለ ድረስ ጉልበቱን ሳያነሣ።

«የዛሬውን የገና ጨዋታ ለቴሌቪዥን ሊቀርጽ። የደብረ ወርቅ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ ነው የመጣ። የያዘውም የመሬት መለኪያ አይደለም፤ ካሜራ ነው።»

ድረስ ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ። «ታዲያ አስቀድሞ አይናገርም?» አለ።

«ሲናገር ነበር እኮ፣ አያ» አለ እንዳላማው። «ተቀምጠህበት ነው እንጂ።»

አንሙት አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከመጣበት ላንድሮቨር ላይ ከካሜራው ጋር በሽቦ የተያያዘ፣ ሻንጣ የሚያህል ሣጥን አወረደ። ተንበርክኮ ክዳኑን ከፈተ፤ መትረፉን ሊያይ ነው። ውስጡ ሁለት መንኮራኩር አለ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ቡናማ ክር ይጠቀለላል። ከጎኑ መዳፍ የምታህል መስታወት አለች። ያን ጊዜ ሰው የሚያውቀው ፎቶግራፍ ተነሥተህ፣ ፊልሙ ደብረ ማርቆስ ሄዶ፣ ጨለማ ቤት ታጥቦ፣ ሳምንት ሰንብቶ ዓይንህ ተጨፍኖ ሲመጣልህ ነው። ይኼኛው ግን ማጠቢያ አያውቅም። ካሜራው ያየውን ክሩ ይይዘዋል፤ ክሩን ወደ ኋላ ከመለሱት ያንኑ እዚያው ያሳያል፤ ካልፈለጉትም አጥፍቶ በላዩ ሌላ ይቀዳል።

ካሜራው ሲወድቅ እየሠራ ነበርና እንዳላማው ከአንሙት ትከሻ በላይ ተንጠራርቶ ቢያይ የራሱን ባዶ እግር ሲረግጥ፣ ሰማይ ሲዞር፣ እንደገናም እግሩን አየ። ሳቁ ታች ሰፈር ድረስ ተሰማ።

«አያ፣ ና እየው! ይኸው እየደበደብነው ነው።»

«የተደበደበ ሰው ለማየት ሣጥን አያስፈልገኝም» አለ ድረስ። «ይኸው ፊቴ ቆሟል።» ብሎ ሳያይ ወደ ሜዳው ወረደ።

አንሙትም የተሰበረውን እግር በገመድ ጠፍሮ ከላይ ሰፈር ተጫዋቾች በስተኋላ ካለው ጉብታ ላይ ካሜራውን መልሶ ተከለ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። እሱ ግን የተላከው ገናውን ይዞ እንዲመጣ ነበር፤ ገናውም በዓመት አንዴ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሰፈር ተሰለፈ። ባዘዘው የእንጨቷን ኳስ፣ ሩሯን፣ ይዞ መሀል ሜዳ ቆሞ በየዓመቱ የሚለውን አለ።

«ስሙ፣ ጎበዝ። ሩሯን ሲመታ ሰው የመታ፣ ጥርስ ቢያወልቅ፣ ዓይን ቢያፈስ፣ ነፍስም ቢያጠፋ በዚህ ሜዳ ደም የለበትም። እናት አትጠይቀውም፣ ወንድም አይሸምቅበትም። ሩሯን ትቶ ሰው የመታ ግን እንደ ማንኛውም ገዳይ ነው። ተስማምታችኋል?»

«ተስማምተናል» አለ ሜዳው ሁሉ። የድረስ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር።

የታች ሰፈር አለቃ ቢተው ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ከድረስ ጋር በእርሻ ድንበር የተነሣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ተዘጋግተዋል፤ አንዱ ድንጋይ ሲያስጠጋ አንዱ ሲመልስ ድንጋዩ ራሱ ሳይደክመው አልቀረም። እንዳላማው ገና ሩሯ ሳትነካ ፊቱ ቆሞ ያቅራራበት ጀመር፦

«የታች ሰፈር ጎበዝ ቁመቱ ያስፈራል፤
ሩሯ ስትመጣ በቅጠል ይሰወራል።»

«ግጥምህን ጨርሰህ ና» አለ ቢተው። «ጥርስህ ሳለ ነው የሚያምር።»

ይኼን ያለውን ሁሉም ሰምቷል። በኋላ ጊዜ ድረስ እንደ መሐላ ሲደጋግመው የኖረ ይህችኑ ቃል ነው።

ከዚያ ሩሯ ተጣለች፤ ቆልማማ በትር ሁሉ ወደ እሷ ዘነበ። የገና ጨዋታ ከሩቅ ለሚያየው ውዝዋዜ ይመስላል። ከውስጥ ለገባበት ግን እንጨት ነው፤ እንጨት በእንጨት፣ እንጨት በአጥንት። ገና በመጀመሪያው ግፊያ የአንዱ አውራ ጣት ወደ ኋላ ተቀለበሰ። የአንዱ ጆሮ ግማሹ ተንጠልጥሎ «አለልህ፣ አለልህ» እየተባለ ሲሮጥ ዋለ። አንድ የታች ሰፈር ጎረምሳ የፊት ጥርሶቹን ምራቅ እንደሚተፋ ተፋና፣ ዞር ብሎ ሳያያቸው ሩሯን ተከተለ። ሴቶቹ ከዳር እልል ይላሉ። ሣሩ ላይ ደም እየነካካ ሁሉም እግር ቀይ ሆነ፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሩሯ ከግፊያው መሀል ሾልካ ድረስ ፊት መጣች። ብቻዋን። እንዲህ ያለ ዕድል በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኝ። በትሩን ከትከሻው አሳልፎ ከጀርባው ጀምሮ አመጣውና በሙሉ አካሉ ላካት። ወደ ኋላ ሲወስደው በትሩን የሆነ ነገር የነካው መስሎት ነበር፤ ግን በገና ቀን በትር የማይነካው ምን አለ። ሩሯ የታች ሰፈርን ሰው ሁሉ ከአናቱ በላይ አልፋ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ላይ ሰፈር አሸነፈ። ሜዳው ተናወጠ። ድረስ ሩሯን ተከትሎ ጥቂት ሮጦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ወንድሙ እንዲያቅፈው ዞረ።

እንዳላማው መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እንደ ደከመው ሰው። ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ በአንገቱ ሳይሆን በጆሮው ይወርዳል። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግጥም ይመስል ነበር። ከዚያ በጎኑ ተጋደመ። ከራስጌው በትሩን የያዘ አንድ ሰው ብቻ ቆሟል፤ ቢተው።

«እኔ አልነካሁትም» አለ ቢተው።

ድረስ አልሰማውም። በትሩን አገጩ ላይ ሰበረበት። ቢተው ሲወድቅ ላዩ ላይ ወጥቶ በተረፈው ስባሪ ፊቱን ሲወጋው ስምንት ሰው ነው ጎትቶ ያላቀቀው። ያን ጊዜ እናታቸው የብርጓል ከሴቶቹ መሀል መጥታ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያው እጇ ላይ አለፈ።

ከቀብር በኋላ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ ተቀመጠች። ድረስን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችው።

«ማን ነው?»

«ቢተው ነው።»

«አይተኸዋል?»

«ቆሞ አገኘሁት።»

«ቆሞማ ሁሉም ቆሞ ነበር» አለች። እሱ ግን ወጥቶ መጥረቢያ እየሳለ ነበር።

ቢተውን ያገኘው ወንዝ ላይ ነው፤ በቅሎውን ሲያጠጣ፣ ፊቱ አሁንም እንዳበጠ። ከሾላው ሥር ወጥቶ አናቱን ብሎ ሰነዘረ። ቢተው እጁን አነሣ። ሰው ሁልጊዜ እጁን ያነሣል፤ መጥረቢያን እጅ የሚያቆመው ይመስል። መጥረቢያው ቀኝ እጁን ከአንጓው ላይ ቆርጦ ጣለው። እጁ ድንጋይ ላይ ወድቆ ጣቶቹ ጥቂት ተላወሱ፤ ውሃው መጥቶ ወሰደው። ድረስ ሊደግም ሲያነሣ በቅሎዋ ደንብራ መሀላቸው ገባች፤ ሁለተኛው ምት እሷ አንገት ላይ ዐረፈ። ቢተው የተቆረጠውን ክንዱን፣ ጉንዱን፣ በብብቱ ወሽቆ፣ በደምና በውሃ እየተንቦጫረቀ አመለጠ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው የሚቆም አልሆነም። ታች ሰፈሮች መጥተው የላይ ሰፈርን የጤፍ ክምር አቃጠሉ። ላይ ሰፈሮች ወርደው በሬ አረዱ፤ ሊበሉት ሳይሆን እንዲያው በረቱ ውስጥ አርደው ትተው ሊሄዱ። አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ በድንጋይ ተፈነከተ። ድረስ ምንሽሩን ይዞ ቆላ ወረደ፤ ፖሊስም የቢተው ወገንም የሚፈልገው ሰው ሆነ። በመጨረሻ ባዘዘው የሁለቱን ሰፈር ሽማግሎች ሰብስቦ፣ ማንም እንዳይነካው ቃል ተገብቶለት ድረስ ወጥቶ ነገሩን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እንዲናገር ላከበት።

«እወጣለሁ» አለ ድረስ ለተላከው ሰው። «ግን የቢተው ዘመዶች አልመታም ብለው ሊምሉ ነው፤ የኛ ዘመዶች መትቷል ብለው ሊምሉ ነው። ዘመድ የሌለው ምስክር ነው የምፈልግ። ያ ባለ ሦስት እግሩ ጉብታው ላይ ቆሞ ሲያይ ውሏል። እሱ ይምጣ።»

ይህን ሲናገር ከልቡ ነበር። እርግጠኛ የሆነ ሰው ምስክር አይፈራም።

አንሙት አምበር ገበያ ዳር፣ ባለ ሱቁ አሊ ቤት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ድረስ ራሱ ሄደ። በጠራራ ፀሐይ፣ ምንሽሩን አንግቦ፣ ጨውና ጨርቅ በሚሸጥበት ገበታ በኩል ገባ።

«አያ ድረስ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ አሊ፤ እጁን ግን ከገበታው ላይ አላነሣም። «መሣሪያዎን ከበር ቢተዉልኝ። እዚህ ያለው ጨው ነው፤ ደም ከነካው አይሸጥልኝም።»

ድረስ አልፎት ወደ ጓዳው ገባ። አንሙት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ አፍንጫው ወደ ግራ ተጣሞ ደርቋል። ሣጥኑ አጠገቡ ነው።

«ተነሥ። ክሩን ይዘህ ና።»

«የቱን ክር?»

«የገናውን።»

አንሙት መሬት መሬቱን አየ። «ያ ክር የለም» አለ። «ክሩ ውድ ስለሆነ አጥፍተን ሌላ እንቀዳበታለን። በላዩ የክትባት ትምህርት ቀድቼበታለሁ፤ የከብት።»

ድረስ የምንሽሩን አፈሙዝ ሆዱ ላይ አስቀመጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ። አቀባበለው።

«ወንድሜ በሬ አይደለም» አለ።

«አያ ድረስ» አለ አንሙት። «እኔ አይቼዋለሁ። አይጠቅምዎትም። እመኑኝ፤ ባይታይ ነው የሚሻል።»

«ቢተው ስንት ሰጠህ?»

«ምንም አልሰጠኝም።»

«እንግዲያው ተነሥ።»

አሊ ከበሩ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። «ልጄ፣ ሂድለት» አለው አንሙትን። «የሚሻለውን መንገርህን ነገርከው። ሰው የፈለገውን ካላየ አይለቅህም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞላ። ጠመንጃ ሁሉ ዋርካው ላይ ተሰቀለ፤ ዛፉ ብረት ያፈራ መሰለ። ላይ ሰፈር በቀኝ፣ ታች ሰፈር በግራ። ቢተው ጉንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አንገቱ ላይ በነጠላ አንግቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ለሣጥኑ መሀል ላይ በርጩማ አስቀመጡለት። ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ ምስክር ሳይምል አይሰማማ።

«ይገዘትልን እንጂ» አሉ የቢተው አጎት። «ሌላው ሁሉ እየተገዘተ እሱ ለምን ይቀራል?»

«ሣጥን አልገዝትም» አሉ ቄሱ።

«ግድ የለም፣ አባ፣ ይገዝቱት» አለ ባዘዘው። «እኒህን አጎት ስንት ጊዜ ገዝተዋቸዋል፤ ከሳቸው ሣጥኑ ሳይሻል አይቀርም።»

ግቢው ትንሽ ሳቀ። ቄሱም ሳይወዱ መስቀላቸውን አውጥተው ሣጥኑን፣ ያየህን ብትደብቅ፣ ያላየህን ብትጨምር፣ ብለው ገዘቱት። አንሙት ስለ ሣጥኑ ሆኖ «አሜን» አለ።

ፀሐዩ መስታወቷን ያጠፋት ነበር። ስለዚህ ጋቢ ከላይ ጣሉበት፤ የሚያይ ሰው ጋቢው ውስጥ ራሱን አስገብቶ እንዲያይ። በሥርዓቱ መጀመሪያ ማየት ያለባት የሟች እናት ናት። የብርጓል ተንበርክካ ራሷን ከጋቢው ሥር አስገባች። ከውጭ ላለው የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነበር፤ የእንጨት ግጭት፣ እልልታ፣ የሰው ጩኸት። የእንዳላማው ሳቅ በግልጽ ሲሰማ ላይ ሰፈር በሙሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንድ ደረቅ ድምፅ፤ ቀጭ። ከዚያ የድል ጩኸት።

«ድገመው» አለች የብርጓል ከጋቢው ውስጥ።

አንሙት ክሩን መለሰ። ሳቅ። ቀጭ። ጩኸት።

ስትወጣ ፊቷ የቅድሙ አልነበረም። ድረስን አየችው፤ ረጅም ጊዜ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ዛሬ እንደወለደችው። ከዚያ ወደ ባዘዘው ዞራ፦

«ደሜን ትቻለሁ» አለች። «ማንንም አልጠይቅም። ሣጥኑን ዝጉት።»

«እማ፣ ምን ነካሽ?» አለ ድረስ።

«ዝጉት አልኩ።»

ባዘዘው ግን ዳኛ ነውና ገብቶ አየ። ሲወጣ ጋቢውን ሲያስተካክል ብዙ ቆየ፤ ያልተጨማደደውን ሁሉ አቃናው። «ጎበዝ» አለ በመጨረሻ። «ቢተው አልመታም። ሩሯን ሲመታ የተፈጠረ ነው። በሜዳው ሕግ ደም የለበትም። የሟች እናትም ትታለች። የቀረን የቢተው እጅ ነው።»

«ማን ነው የመታው?» አለ ድረስ።

ባዘዘው የቀናውን ጋቢ እንደገና ያቃና ጀመር።

«ሰውየው ስም የለውም? ከናንተ አንዱ ነው እንዴ?»

«ሕጉ ደም የለበትም ካለ ስም ምን ያደርግልሃል?»

«ሕጉ ወንድም የለው» አለ ድረስ። ወደ ሣጥኑ ሲራመድ የብርጓል ፊቱ ቆመች። ሁለት እጇን ደረቱ ላይ አደረገች።

«ልጄ፣ አትይ። ጡቴን ይዤ እለምንሃለሁ።»

«ገዙሽ?» አለ። እናቱን። በሰው ፊት።

በጥፊ መታችው። እሱም ገፋት፤ ወደቀች፤ ግማሹ ላይ ሰፈር ተነሣ፣ ግማሹ ታች ሰፈር ተነሣ፣ አንድ ሁለቱ ዛፉ ወዳለበት ዓይናቸውን ጣሉ። ባዘዘው መሀል ገብቶ ባይጮህ ኖሮ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ሬሳ ይደረደር ነበር። ፀጥ ሲል የተሰማው የቢተው ድምፅ ነው።

«ይይ እንጂ። ምን ትከለክሉታላችሁ? እኔም እኮ አላየሁም። እጄ የሄደው ስለማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። አብረን እንይ።»

ይህንማ ማን ይከለክለው። እጁን የከፈለ ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ተንበረከኩ፤ አንዱ ጋቢ ሁለቱንም ራስ ሸፈነ። ውስጡ ሞቃት ነበር። የቢተው ቁስል ይሸታል፤ መድኃኒትና ሥጋ። ትከሻቸው ተነካክቶ፣ የአንዱ ትንፋሽ የአንዱን ጉንጭ እየነካ፣ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ መስታወት ፊት ለፊት ትበራለች። የድረስ እጅ በባዶ ወገቡ ላይ ጩቤ ፈለገ።

ሜዳው ታየ። ሁሉ ነገር አመድማ ነው፤ ሣሩም፣ ደሙም። ሁሉም ቁምጣና እጀ ጠባብ ለብሷል፤ ሰው ከሰው አይለይም። ከዚያ እንዳላማው መጣ። ሕያው። ወደ ካሜራው ዞር ብሎ አፉን ከፍቶ እየሳቀ፣ አንድን ሰው ከኋላ እየተከተለ። ድረስ እጁን ዘርግቶ መስታወቷን ሊነካት ቃጣ። ከፊት ያለው ሰው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቷል። ሰፊ ጀርባ ነው። በትሩን ከትከሻው አሳልፎ ወደ ኋላ ወሰደ፤ የበትሩ ቆልማማ ጫፍ የእንዳላማውን ጆሮ ግንድ አገኘው። ቀጭ። ሰውየው አልዞረም። ሩሯ በዚያች መስታወት ውስጥ አትታይም፤ በትሩ ሲወርድ፣ ሰውየውም ሲሮጥ ብቻ ነው የሚታየው። ሮጦ ከመስታወቷ ወጣ። ቢተው ከዳር መጥቶ ከእንዳላማው ራስጌ ቆመ። ክሩ አለቀ።

«ድገመው» አለ ድረስ።

እንዳላማው ተነሣ፣ ሳቀ፣ ተመታ።

«ድገመው።»

በሦስተኛው ላይ ድረስ ወንድሙን ትቶ ገዳዩን ብቻ አየ። አናቱ ላይ ፀጉሩ ሳስቶ ራሰ በራነት ጀምሮታል፤ የሳንቲም ያህል፣ ፀሐይ ሲያርፍባት የምታበራ። ይቺን አናት በግቢው ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። ከኋላው ያረሰ፣ ከኋላው ቅዳሴ የቆመ፣ ከኋላው ጠመንጃ ይዞ የዘመተ ሁሉ ያውቃታል። ሚስቱ ጥሩነሽ ፀጉሩን ስትከረክመው ባየቻት ቁጥር አፏን ይዛ ዝም ብላለች፤ ለድረስ መላጣ ጀምሮሃል ብሎ ቀኑን የሚያበላሽ ማን ደፍሮ። ሰው ደግሞ የራሱን አናት ከየት ያየዋል? በመላው ላይ ሰፈር ያንን ጀርባ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ።

«ይኼ መላጣ ማነው?» አለ ድረስ፤ ጥርሱ እየተፋጨ።

ቢተው መስታወቷን አየ፣ አጠገቡ ያለውን አናት አየ፣ እንደገና መስታወቷን አየ።

«እየው፣ ሲመታው ዞር እንኳ አላለም» አለ ድረስ። «ውሻ ሲመታ እንኳ ሰው ዞሮ ያያል። ሮጦ ሄደ። ወንድሜ ደሙ እየፈሰሰ፣ እሱ እየሮጠ።»

«አዎ» አለ ቢተው። «ሲሮጥ ይታያል።»

ድረስ እንባና ላብ በአንድነት ይወርድበት ነበር። «ቢተው፣ አንተን በድዬሃለሁ። እጅህን እክሳለሁ፤ የድንበሩ መሬት ያንተ ይሁን። ይኼን ሰው ግን በሕግም በግዝትም አልለቀውም። መስቀሉ ውጭ ነው፤ ሰምቶኛል። በዚያች መጥረቢያ አናቱን፣ እዚችው መላጣዋ ላይ፣ ሳልከፍልለት እህል ብቀምስ ሥጋ ወደሙ ይፍረድብኝ። ታውቀዋለህ አይደል? ፊትህ ነግሮኛል።»

«አውቀዋለሁ።»

ከጋቢው ውጭ የብርጓል ስታለቅስ ይሰማል። አንሙት ሣጥኑን ማጥፋት ረስቶ መንኮራኩሩ ባዶውን ይዞራል።

«እንግዲያው ንገረኝ። ቤቱ የት ነው፣ ሩቅ ነው?»

ቢተው ጉንዱን ከነጠላው ላይ አስተካከለ።

«ለእኔ ወንዝ ማዶ ነው» አለ። «አንተ ግን ጫማ ማጥለቅም አያስፈልግህም።»